አማቴ ያመጡት ዶሮ

ፍርድ ቤት ካፋታን በኋላም ከባለቤቴ ጋር አንድ ቤት ውስጥ መኖር ቀጠልን። ባለቤቴ የነበረው ሰው ማለት ነበረብኝ፤ ግን ያኔ አፌ ገና አልለመደውም። ቤቱ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ አብረን መሠረት ያወጣንለት፣ አብረን ቆርቆሮ ያለበስነው ቤት ነው። ለሁለት ቢከፈል ለማናችንም ስለማይበቃ ተሽጦ ገንዘቡን እንድንካፈል ተወሰነ። ሕግ እናውቃለን የሚሉ ወዳጆች ደግሞ ለእኔም ለእሱም ለየብቻ የመከሩን አንድ ነገር ነበር፤ ቤቱ ሳይሸጥ ጥሎ የወጣ ሰው መብቱን ያዳክማል አሉን። እውነት ይሁን ውሸት አላጣራንም። ማናችንም አልወጣንም።

ለምን ተፋታችሁ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ዛሬም አለ። ዱላ አልነበረም፤ ሌላ ሴትም አልነበረችም። ልጅ አልወለድንም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለዚህ ጉዳይ እንነጋገር ነበር። በኋላ ስለ እሱ ማውራት አቆምን፤ ቀጥሎ ስለ ሌላውም ነገር ማውራት አቆምን። እሱ የመስኖ ቴክኒሻን ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መስክ ይውላል። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ማታ ስንገናኝ ቴሌቪዥኑ ያወራል፣ እኛ እንሰማለን። ከእሱም ከእኔም ወገን ሽማግሌ ተቀመጠ። ሁለታችንም በሌላው ላይ የምናወጣው ጥፋት ስላልነበረን ሽማግሌዎቹ የሚይዙት የሚጨብጡት አጡ። ፍቺውን የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ እኔ መኝታ ቤቱን ያዝኩ፤ እሱ ሳሎን ፍራሽ ዘርግቶ መተኛት ጀመረ። ኩሽናው ግን አንድ ነው። ጠባብ ስለሆነ አንድ ሰው ምድጃው ጋ ከቆመ ሌላው ትከሻውን ሳይነካው ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ሳንነጋገር ሥርዓት አወጣን። እኔ ከሥራ እንደገባሁ ቶሎ አበስላለሁ፤ እሱ የኩሽናው በር ሲዘጋ ሰምቶ ይገባል። የእኔ ሽንኩርት በአንድ ዘንቢል፣ የእሱ በሌላ ዘንቢል። ጨው እንኳ ሁለት ዕቃ ነበር። ቀድሞኝ የገባ ቀን ልብሴን ሳልቀይር አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እንቁላል ሲመታ፣ መጥበሻ ሲያነሳ፣ ቧንቧ ሲከፍት አዳምጣለሁ። እየራበኝ ነው የማዳምጠው። መስኮቱን ብከፍት ትንኝ ይገባል፤ ብዘጋው ሙቀቱ ያፍነኛል። በገዛ ቤቴ የማልደርስበት ቦታ ከምደርስበት በለጠ።

ዶሮ አሮስቶ የለመድኩት በዚያ ጊዜ ነው። ያሳየችኝ አብራኝ የምትሠራ ሴት ነች። ከእርባታ የወጣ ዶሮ ትገዣለሽ፤ በሎሚና በጨው አጥበሽ ግማሹን ፍሪጅ ታስቀምጪያለሽ፤ ግማሹን ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ትንሽ ቅቤ ትቀቢዋለሽ፤ ድንች ከሥሩ ትደረድሪና ኦቨን ውስጥ ትከቺዋለሽ፤ በቃ አለችኝ። ቁሌት የለው፣ ማማሰል የለው። ጣዕሙን ስለወደድኩት አልነበረም ያዘወተርኩት። ትሪውን አስገብቼ ክፍሌ እገባለሁ፣ ሲደርስ ይዤው እወጣለሁ። ኩሽናው ውስጥ የምቆምበት ጊዜ ካጠረልኝ ሌላው ግድ አልነበረኝም። አልጋዬ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼ ብቻዬን እበላለሁ። የቅቤውና የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ሳሎን ድረስ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እሱ ግን አንድም ቀን ስለዚያ ምንም ብሎ አያውቅም።

ገዢዎች ይመጡ ነበር። ደላላው ሲደውል አልጋዬን አነጥፋለሁ፣ እሱ ፍራሹን ይጠቀልላል፣ ሰዎቹ ገብተው ግድግዳ ያንኳኳሉ። አንዲት ሴትዮ ጣሪያውን እያየች ለምን እንደምንሸጠው ጠየቀችን። እኔ ወደ ሐዋሳ ልንዛወር ነው ስል፣ እሱ በዚያው አፍታ ቤቱ ስለጠበበን ነው አለ። ሴትዮዋ ሁለታችንንም አየችና ወደ ጣሪያው ተመለሰች። ወደውት የሄዱ ይመስለኝ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሰናከላል። እሱ ዋጋው አነሰ ይላል፤ ወይም ሌላ ይመጣል ይላል፤ ወይም መስክ ወጥቶ ስልክ አያነሳም። ያለ እሱ ፊርማ ምንም ማድረግ አልችልም ነበር። እንዲህ እያልን ሁለተኛው ዓመት ገባ።

አማቴ፣ የእሱ እናት፣ ከደጋ ከኦቾሎ የወረዱት ለዓይናቸው ነው። ሞራ ጋርዷቸው ሰው የሚለዩት በድምፅ ሆኖ ነበር። እሱ ከመኪና ተቀብሎ ሲያመጣቸው እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። በአንድ እጃቸው የልጃቸውን ክንድ ይዘዋል፤ በጋቢያቸው ሥር ደግሞ እግሩ የታሰረ ትልቅ ቀይ አውራ ዶሮ አቅፈዋል። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ልጃቸውን ፍርድ ቤት ያቆምኩት እኔ ነኝና። እሳቸው ግን በድምፄ ወደ እኔ ዞረው አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። እኔ የፈታሁት ልጃቸውን እንጂ እሳቸውን እንዳልሆነ በጋሞኛ ነገሩኝ። ሲናገሩት ስለ መንገዱ አቧራ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት። ከዚያ ዶሮውን ወደ ፊት ዘረጉና ለእናንተ ነው አሉ። እናንተ የሚለው ቃል ሁለታችንንም አንድ ቦታ አቆመን። ማን እጁን እንደሚዘረጋ ግራ ገባን። በመጨረሻ እሱ ተቀብሎ ማንጎው ግንድ ላይ አሰረው።

የሚተኙበት ቦታ ከእኔ አልጋ ሌላ አልነበረም። ልጃቸው ፍራሽ ላይ ነው የሚተኛው፤ ሦስተኛዋ ክፍል ዕቃ ሞልቷታል። ስለዚህ ከእኔ ጋር ተኙ። ለብቻዬ የምሆንባት ያቺ ክፍል ብቻ ነበረችኝ፤ እሷንም አጣሁ። በማግስቱ ሆስፒታል ወስዷቸው አንዱ ዓይናቸው ተሠራ፤ በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ተመለሱ። ያልተሠራው ዓይን ከጥላ በቀር አያይም። ለቀጠሮ እስኪመለሱ እኛ ጋ ይቆያሉ ተባለ። ቀን ቀን እሱ፣ ጠዋትና ማታ እኔ ሽፋኑን ከፍተን ጠብታ እናደርግላቸዋለን። በቀረው ሰዓት አልጋዬ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ዝም ይላሉ። የተኙ እየመሰለኝ በእግር ጣቴ ስገባ ወዲያው ይጠሩኛል። የሚያወሩኝ በጋሞኛ ነው፤ እኔም ከልጅነቴ እሰማለሁ። አንዳንዴ ሊያስደስቱኝ ወደ አማርኛ ይሻገራሉ፤ ያኔ የወንድና የሴት አነጋገር እየተምታታባቸው አንተ ይሉኛል።

ዶሮው እዚያው ማንጎው ሥር ሰነበተ። እሱ ጠዋት በቆሎ ይበትንለታል፤ እኔ ማታ ውሃ አስቀምጥለታለሁ። ምን እናድርገው ብሎ የጠየቀ የለም። ዶሮ ወጥ መሥራት ቀኑን ሙሉ ኩሽና መዋል ነው፤ እሱን ፈራሁ። ከዚያ በላይ የፈራሁት ግን ማቅረቡን ነው። ብልቱ ይወጣል፣ ለአባወራው ፈረሰኛው ይመረጣል። ጭልፋውን ይዤ ድስቱ ላይ ስቆም ማን ልሆን ነው? ሚስት ካልሆንኩ ፈረሰኛውን ለማን ነው የማወጣው?

ቀጠሯቸው ሰኞ ነበር፤ ይህ የሆነው ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው። ከምሳ በኋላ አማቴ ጠሩኝና ያ ዶሮ ሳይበላ ወደ አገሬ አልመለስም አሉ። ጨጓራቸው በርበሬ እንደማይችል አስታወሱኝ። ከዚያም በአማርኛ «አንተ ያለ በርበሬ ዶሮ መሥራት ትችላለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

እችላለሁ አልኳቸው። ቀለለኝ። አሮስቶ ሙሉውን ነው የሚገባው፣ ሙሉውን ነው የሚወጣው፤ የማንም ድርሻ የለበትም።

የሚቀረው አራጅ ነው። ወንድ የሌለበት ቤት ሲሆን ሴት ዶሮና ቢላ ይዛ በሯ ላይ ትቆምና አላፊ አግዳሚውን ትለምናለች። እኔም እንደዚያ ለማድረግ በሩን ከፍቼ ወጥቼ ነበር። ከፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት ሽሮዋን ፀሐይ ላይ እያሰጣች ቀና ብላ አየችኝ። የእሱ ጫማ ሳሎኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ከእሷም ይታያል። ቤት ውስጥ ወንድ ተቀምጦ የመንገድ ሰው ትለምናለች ብላ ልትታዘበኝ ነው። በሩን መልሼ ዘጋሁ። ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስል አማቴ በመስኮት ሰምተውኝ፣ ልጃቸው ውስጥ እንዳለ ነገሩኝ። እንዳለማ አውቃለሁ።

የሳሎኑን በር አንኳኳሁ። የገዛ ሳሎኔን በር ሳንኳኳ የመጀመሪያዬ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን አወጣ፤ እናቱ አንድ ነገር የሆኑ ሳይመስለው አልቀረም።

«ዶሮው ሊታረድ ነው» አልኩት።

«ለማን?» አለኝ።

«ለእማማ። እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ።»

«ቢላው ስል ነው?»

«አላውቅም። ያንተ ነው።»

እውነቴን ነው፤ ትልቁ ቢላ ከእሱ ዕቃ ጋር ነበር፣ እኔ ጋ ያለችው የሽንኩርት መክተፊያ ናት። ሄዶ ከዘንቢሉ አወጣው፣ ድንጋይ ላይ አፋጨው፣ ዶሮውን ፈትቶ ግቢው ጥግ ወሰደው። ፊቴን አዙሬ ውሃ ላፈላ ገባሁ። ይዤ ስወጣ ወደ ክፍሉ የተመለሰ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሳፋውን አቅርቦ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቀኛል። ውሃውን አፈሰስኩ፤ እሱ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን ሆነን ላባውን ነቀልን። የእርጥብ ላባ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ እቸኩላለሁ፤ እሱም ይቸኩላል።

የደጋ አውራ ዶሮ እንደ እርባታው ዶሮ አይደለም፣ ሥጋው ጠንካራ ነው። ስለዚህ ሙሉውን በጨውና በነጭ ሽንኩርት በደንብ ቀቀልኩት። ቆዳውን አልገፈፍኩትም። ሲበርድ ሎሚ ጨመቅኩበት፤ ቅቤና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ቀባሁት፤ አማቴ ከዶሮው ጋር ያመጡትን ድንች ለሁለት ለሁለት ከፍዬ ዙሪያውን ደረደርኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ኦቨን ውስጥ አስገብቼ፣ እንደ ልማዴ በሩን ዘግቼ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። አማቴ አጠገብ ገና ከመቀመጤ መብራት ሄደ።

መጀመሪያ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ተነስቼ ወደ ኩሽናው ስሄድ እሱም ከሳሎን በኩል መጥቶ በሩ ላይ ተገናኘን። ሌላ ቀን ቢሆን አንዳችን እንመለስ ነበር። ዶሮው ውስጥ ስለነበር ማናችንም አልተመለስንም።

«ከሰል አለኝ» አለ።

ዶሮውን ከነድንቹ ወደ ሰፊ ብረት ድስት አዛወርኩት። እሱ ደጅ ከሰሉን አያይዞ ፍም ሲሆን ምድጃውን ወደ ኩሽናው አስገባ፤ ንፋስ ተነስቶ ነበር። ድስቱን ጣድን፣ በጠፍጣፋ ቆርቆሮ ከደንነው፣ እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም እሳት አደረግንበት። ከዚያ መሄጃ አልነበረም። ከላይ ያለው ከሰል እንዳይከስም ማራገብ አለበት፤ ከታች ያለው እንዳያሳርር መቀነስ አለበት፤ አንድ ሰው ሁለቱን አይችልም። እሱ ያራግባል፣ እኔ በመቆንጠጫ ፍሙን አነሳለሁ። ትከሻው ትከሻዬን ሲነካ ግድግዳው ላይ እጣበቃለሁ። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ፣ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። በሩ ሁለት እርምጃ ነው፤ ልወጣ ግን አልችልም፣ ዶሮው ያርራል። ብቻዬን ለመሆን ብዬ የለመድኩት ምግብ፣ ሁለት ዓመት ከሸሸሁት ሰው ጋር አንድ ጥግ ላይ አቆመኝ። የተናገርነው ክፈቺው፣ ገና ነው፣ አሁንስ፣ ትንሽ ቆይ፣ ይህን ብቻ ነው። አማቴ ግድግዳውን ተከትለው መጥተው በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እንዴት እንደመጡ አላየሁም።

ሲደርስ ቆዳው ቀልቶ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጠቁሯል፤ ድንቹ ቅቤውን ጠጥቷል። ጠረጴዛ ያለው ሳሎን ነው። አማቴ በልጃቸው ክንድ ገቡ፤ እኔ ድስቱን ይዤ ተከተልኩ። ከፍቺው ወዲህ ገዢ ሲመጣ ካልሆነ እዚያ ክፍል አልገባም ነበር። ሸሚዞቹ የመጋረጃው ብረት ላይ ተሰቅለዋል፤ ፍራሹ ጥግ ላይ ተጠቅልሏል፤ የፈለቀቀው ብርቱካን ልጣጭ መስኮቱ ላይ ደርቋል። በእንግድነት እንደመጣ ሰው ነበር የሚኖረው። እንዲህ መሆኑን አላሰብኩትም ነበር፤ ሰፊውን ክፍል ይዞ ተመችቶት ይኖራል ብዬ ነበር የምቆጥረው።

እሱ የስልኩን መብራት አብርቶ ብርጭቆ ላይ አስደገፈው። አማቴ በጋሞኛ ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ዶሮውን በዳበሳ አገኙትና ራሳቸው ይቆርሱት ጀመር። አንዱን ጭን ለእኔ፣ አንዱን ለእሱ ሰጡ። ደህና ተደርጎ በስሏል አሉ። ትንሽ በላን።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ቤቱን ሽጠው» አሉት።

እሱ ማኘኩን አቆመ። አሁን እንብላ፣ በኋላ እናወራለን አላቸው።

«አትሽጥ ያልኩህ እኔ ነኝ» አሉ። «ሽጥ የምልህም እኔ ነኝ።»

እኔ አልገባኝም ነበር። አማቴ ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው አስረዱኝ። ፍርድ ቤቱ ያፋታን ሰሞን እሱ ኦቾሎ ወጥቶ ምን ላድርግ ብሎ ጠይቋቸዋል። እሳቸው ገዢ ቢመጣም ምክንያት እየፈጠረ እንዲመልስ ነገሩት። አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ፣ በአንድ ምድጃ የሚያበስሉ ሰዎች አንድ ቀን መኳረፉ ይሰለቻቸዋል ብለው አመኑ። ከተለያዩ ግን ማን መልሶ ያገናኛቸዋል? እየጸለዩ ጠበቁ። ከሰው ሲጠይቁም አሁንም አብረው ናቸው ስለሚባሉ ደስ ይላቸው ነበር።

«ዓይኔ ተሸፍኖ ስተኛ ሰማኋችሁ» አሉኝ። «አንዳችሁ ስትገቡ አንዳችሁ ትወጣላችሁ። በር ይከፈታል፣ በር ይዘጋል። የሰው ድምፅ የለም። እስር ቤት እንኳ ሰው ከሰው ጋር ያወራል፣ ልጄ። እንዲህ መሆኑን አላወቅኩም።»

ማመስገን ነበረብኝ መሰለኝ። የተሰማኝ ግን ቁጣ ነው። እነዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የጠበቅኳቸው ማታዎች፣ ደላላው በደወለ ቁጥር ያነጠፍኩት አልጋ፣ ይኼ ሁሉ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቀው የተቀመጡ አሮጊት ለእኔ ደግ አስበው የሠሩት ነው። በማን ላይ እንደምጮህ አጣሁ። ወደ እሱ ዞርኩ።

«ያቺ ጣሪያውን ያየችው ሴትዮ» አልኩት፣ «ወዳው ነበር?»

«አዎ» አለ። የስልኩን መብራት እንጂ እኔን አያይም። ትንሽ ቆይቶ «እኔም እማዬ እንዳለችው ይሆናል ብዬ ነበር» አለ።

ተነስቼ ልወጣ ወንበሬን ወደ ኋላ ስገፋ አማቴ እጃቸውን ዘረጉ። ጉርሻ ነው። ከደረቱ የቆረሱትን ሥጋ በድንች ጠቅልለው ይዘዋል፤ አፌ የት እንዳለ ስለማያዩ እጃቸው ከፊቴ ራቅ ብሎ አየር ላይ ቆመ። ቅቤው በክንዳቸው ይወርዳል። ተቆጥቼባቸዋለሁ። ግን የአሮጊት ጉርሻ አየር ላይ ትቶ የሚወጣ ሰው አይደለሁም፤ ያንንም የሚያውቁ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ወደ እጃቸው ሄድኩ፣ ጎረስኩ። ከዚያ ለልጃቸውም አጎረሱ፤ ሦስታችንም ድስቱ እስኪያልቅ በላን።

ሰኞ ሆስፒታል ሽፋኑ ተነሳ። እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። አማቴ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩና ከስተሃል አሉኝ። መኪናው ጋ ስንሸኛቸው ይቅርታ የሚመስል ነገር በጋሞኛ ጀምረው ረዳቱ ግቡ ግቡ ሲል ሳይጨርሱት ገቡ።

እሱ በማግስቱ ደላላው ጋ ደወለ። ገዢ ለማግኘት ብዙ አልፈጀም፤ ወረቀቱ ነው የፈጀው። ክረምቱ ሙሉ በዚያው ቤት ቆየን። ሰዎች ከዚያ እራት በኋላ ነገሩ ይቀልላል ብለው ያስባሉ፤ እኔ ግን ከበፊቱ የከበደኝ ያኔ ነው። በፊት የማይከፈት በር ስለነበር ለምጄው ነበር። አሁን እንደሚከፈት አውቄ፣ እያንዳንዱን ማታ እሱ ሳሎን እኔ መኝታ ቤት ሆነን መጠበቅ አቃተኝ። ኩሽናው በር ላይ ስንገናኝ ደህና ዋልሽ ይለኛል፣ ደህና ዋልክ እለዋለሁ። ከዚያ አንዳችን እንመለሳለን።

ቁልፉን ለገዢው ያስረከብነው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ባለ ኦቨኑን ምድጃ እሱ ወሰደ፣ ፍሪጁን እኔ ወሰድኩ። የእሱ ዕቃ በጋሪ ወደ ታች ሄደ፣ የእኔ በባጃጅ ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሴቻ ወጣ። አንድ ክፍል ተከራይቼ እስካሁን እዚያው ነኝ። አማቴ ለመስቀል ኦቾሎ እንድወጣ ሰው ልከው ጠሩኝ። ያን ዓመት አልሄድኩም። ለሚጠይቀኝ ሰው ሥራ በዝቶብኝ ነው እላለሁ። አሁንም አንዳንዴ በሰው ስልክ ይደውሉልኛል፤ እናቴን፣ ጤናዬን፣ ሥራዬን ይጠይቁኛል። ስለ ልጃቸው አያነሱም። ዓይናቸው ደህና እንደሆነ፣ መርፌ ውስጥ ክር እንደሚያስገቡ ነግረውኛል።